ማሰሪያውን ያጠብቁ የነበሩት ሰው

ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ ካረፉ ወዲህ የአሜሪካዋ ፌርፋክስ ሰው እሳቸውን ሲያነሳ ይስቃል፤ የኔ ግን ደሜ ይፈላል።

ልጄ ፉትቦል፣ ያንን የራስ ቁር አድርገው የሚጋጩበትን የአሜሪካኖች ጨዋታ፣ በሚጫወትበት ቀን ሁሉ ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው ከሜዳው አጥር አጠገብ ይቆሙ ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር ልጁን ይጠሩና ሄልሜቱን በሁለት እጃቸው ነቅንቀው ያዩታል፤ የአገጩን ማሰሪያ ያጠብቃሉ። ግንባሩን መሳም ስለማይችሉ የሄልሜቱን የፊት መከለያ ብረት ይስማሉ።

አንድ ቀን ልጁ ተጋጭቶ ወደቀ። ትምህርት ቤቱ የሰጠው ሰፊ ሄልሜት ከራሱ ወልቆ ተንከባለለ። አሰልጣኙ፣ «ደህና ነው፣ ይቀጥል!» አለ። ጋሼ ሜዳው ውስጥ ገብተው ሄልሜቱን አነሱና ጋቢያቸው ውስጥ ሸሸጉት።

«ሽማግሌው ምንድን ነው የሚፈልገው?» አለኝ አሰልጣኙ።

«ልኩ የሆነ እስኪያመጣ ድረስ ልጁም ይሄም የኔ ናቸው በለው» አሉኝ ጋሼ።

ያለ አስተማሪ፣ ጋዜጣ እያነበብኩ በተማርኩት እንግሊዝኛ፣ አንዲት ቃል ሳልስት ተረጎምኩለት። ተመልካቹ ሳቀ። የኛም አገር ሰው አብሮ ሳቀ፤ ይህን ይቅር አልልም። ልኩ የሆነው ሄልሜት ግን በሳምንቱ መጣ።

ባለፈው ቅዳሜ ልጁ ማሰሪያውን ሳያስር ወደ አጥሩ መጣ። ጋሼ ይቆሙበት ከነበረው ቦታ ፊት አገጩን ቀና አድርጎ ቆመ።

«ቶሎ በል!» አለው አሰልጣኙ።

«ታገስ!» ብዬ አሰልጣኙ ላይ ጮህኩበት፣ በአማርኛ። ማሰሪያውን ያዝኩት፤ ጣቶቼ እንቢ አሉኝ። ሁሉን ነገር በራሴ የተማርኩ ሰው ነኝ። ይህችን ብቻ፣ ጋሼ እያሉ፣ መማር አስፈልጎኝ አያውቅም ነበር።