የቤታችን አመድ

የዓመቱ የመጀመሪያ ዝናብ ፍግ ላይ ሲያርፍ የሚነሣው ሽታ ሌላውን ሰው አፍንጫ ያስይዛል፤ እኔን ግን ያኮራኛል። በሸተተኝ ቁጥር ከይጁቤ አለፍ ብላ ባለችው መንደራችን የነበረው ጓሯችን ይመጣብኛል፣ እናቴም ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸብ አድርጋ፣ እስከ ክንዷ ጠቁራ ትታየኛለች።

በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በአንድ በጋ፣ አባቴ ጫካ ገብቶ ይዋጋ ስለነበር የጣሊያን ወታደሮች መጥተው በሬዎቻችንን ነድተው፣ እህላችንን ጭነው፣ ቤታችንን ለኩሰው ሄዱ። የተረፉልን የጥጃ ጎጆዋና ከኋላዋ የነበረው የፍግ ክምር ነበሩ፤ ፍግ የሚዘርፍ ሌባ መቼም የለም። የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ታከለ መጥተው፣ እጁን ለሰጠ ሰው የጣሊያን ጦር ሰፈር ዱቄት እንደሚያድል ነግረዋት፣ እኔንና ታናሽ እህቴን ይዛ ከክረምቱ በፊት እንድትገባ ለመኗት። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ራብ ፈርተውልን ነው።

«አያ፣ ቤቴን ካቃጠለ ሰው ዱቄት አልቀበልም» አለቻቸው። «አመዱን ትቶልኛል፤ እሱ ይበቃኛል።»

ሐዘን ያናወዛት መስሏቸው እያማተቡ ሄዱ።

እኛም አመዱን በቅርጫት እየዛቅን፣ ከፍጉ ጋር እየደባለቅን፣ ቅጠል እያለበስን፣ ውሃ እያርከፈከፍን እስከ ግንቦት ድረስ እናገላብጠው ነበር። ማገዶ ሲቸግረን እህቴ ከፍጉ ኩበት እንጠፍጥፍ እያለች ብታለቅስም፣ እናቴ አንዲት እፍኝ አትሰጠንም ነበር። ዝናቡ ሲጀምር በተከልነው ጎመንና ዱባ መደብ ላይ፣ ግንዱን እንዳይነካ ራቅ እያደረግን፣ ሳሳ አድርገን እንበትነው ነበር።

ሐምሌ ላይ ጎመኑ ጉድ አሰኘ። ቅጠሉ እንደ ሰፌድ ሰፍቶ፣ ቀንጥሰን ዞር ሳንል ሌላው ያቆጠቁጥ ነበር። እኛ በልተን፣ ለአርበኞቹ በጆንያ ልከን፣ ደግሞ ይተርፍ ነበር። አያ ታከለም አንድ ቀን ርቧቸው መጡ፤ እናቴም አንድ ሸክም ጎመን አሸከመቻቸው።

በእንቁጣጣሽ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ብሎ የክረምቱን ችግር መሸኘት የአገራችን ልማድ ነው። ጣሊያን ጭቃውን ፈርቶ ከምሽጉ አይወጣም ነበርና፣ አባቴ በዚያ ጠዋት ጢሙ ደረቱ ላይ ወርዶ ከች አለ። አያ ታከለ እንደ ወጉ ምንቸቱን ሊያስወጡ ብድግ ሲሉ እናቴ በሩ ላይ ቆመች።

«ይሄ ምንቸት የትም አይወጣም» አለች። «እጅ ሳንሰጥ ያከረመን እሱ ነው።»

አባቴ ሳቀ፤ ከዚያ ዓይኑን በጋቢው ጠረገና ጎመኑ እንዲቀርብለት ጠየቀ። እኔና እህቴ እልል ስንል መንደሩ ተቀበለን።

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ የግንብ ቤት አለኝ። ለግቢዬ ሣርና ለአበባዬ መደብ የሚበተነው ብስባሽ አፈር በከረጢት ተገዝቶ ይመጣልኛል፣ ልጆቼም ጎመን ሲቀርብላቸው ፊታቸውን ያዞራሉ። አልፈርድባቸውም፤ እነሱ ያላቸውን እኛ አልነበረንም። እኔ ግን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ምንም ሳይጎድልብኝ ብኖርም፣ አባቴ የቤታችን አመድ ያበቀለውን ጎመን ሲበላ እያየሁ እንደጠገብኩት አድርጌ ከዚያ ወዲህ ጠግቤ አላውቅም።