ዘጠና አምስተኛው መጽሐፍ

በዚያ ዓመት ዘጠና አራት የግጥም መጻሕፍት ታተሙ። ይህን የምናውቀው አንብበናቸው አይደለም፤ እግዜር ይጠብቀን። የምናውቀው በቤተ መጻሕፍቱ ሁለተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ ባለችው ጠባብ ክፍል የምትሠራ አንዲት ሴት ስለቆጠረችልን ነው። ባልደረቦቿ «እመት ዝርዝር» ይሏታል። ፊት ለፊት አይሏትም፤ ግን ታውቃለች፤ ሳትወደውም አልቀረች።

ሥራዋ በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። መጽሐፍ ያሳተመ ሁሉ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ያስረክባል። እሷ ትቀበላለች፣ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የቀን ማኅተም ትመታለች፣ ከማኅተሙ ሥር ትፈርማለች፣ ርዕሱንና የገጹን ብዛት በካርድ ላይ ታሰፍራለች፣ ስለ ይዘቱም ሁለት መስመር ትጨምራለች። በዓመቱ መጨረሻ ካርዶቹ ተሰብስበው «የዓመቱ የግጥም መጻሕፍት ዝርዝር» የምትባል ሰማያዊ ሽፋን ያላት ጥራዝ ይሆናሉ። በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ ከዚህች ጥራዝ አንድም መጽሐፍ ጎድሎ አያውቅም። ሴትየዋ ባል ፈትታለች፣ ሦስት ቤት ቀይራለች፣ ጉልበቷን ቀዶ ጥገና ተደርጋለች፤ መጽሐፍ ግን አልዘለለችም።

የጥራዟን ጉልበት ያላየ የግጥሙን ዓለም አላየም። ሃያሲዎቻችን የዓመቱን ግጥም የሚገመግሙት በእሷ ሁለት መስመር ነው። እሷ «በፍቅርና በብቸኝነት ላይ ያተኮሩ አርባ ግጥሞች» ብላ ከጻፈች፣ በሳምንቱ ጋዜጣ ላይ «ገጣሚው በፍቅርና በብቸኝነት ጥልቅ ባሕር ውስጥ ይዋኛል» የሚል ሐተታ ይወጣል። መዋኘቱን የጨመረው ሃያሲው ነው፤ ይህም ተሰጥኦ ይባላል። የሬዲዮው ሰውዬ ሐተታውን ያነባል፣ የሽልማት ዳኞች ሬዲዮውን ይሰማሉ። እሷ ደግሞ ሁለቱን መስመር የምትቀዳው ከጀርባ ሽፋኑ ነው። የጀርባ ሽፋኑን የሚጽፈው የገጣሚው ወዳጅ ነው፤ ወዳጅዬውም ረቂቁን ለማንበብ ጊዜ አልተመቸውም ነበር። ሰፊው አንባቢ ከዚህ ሰንሰለት ውጪ በሰላም ይኖራል።

ጥራዟ በወጣች በአሥረኛው ቀን አንድ ሰው ይቺኑ ጥራዝ በብብቱ ይዞ ወደ ክፍሏ ገባ። ሃምሳ ስምንት ዓመት የሚሆነው፣ ጫማው ጭቃ የነካው፣ ቀጭን ሰው ነው። የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነው። ሠላሳ ዓመት በየሰው ግቢ እየገባ የውሃ ፍጆታ መዝግቧል፤ ከሃያሲዎቻችን በተለየ፣ የሚያነበውን አጎንብሶ የሚያነብ ሰው ነው። በዚሁ ሠላሳ ዓመት ውስጥ የጻፋቸውን ግጥሞች በዚያ ዓመት በሠላሳ ሁለት ገጽ አሳትሞ፣ በስቴፕለር አያይዞ፣ «የቤት ቁጥር» የሚል ርዕስ ሰጥቶታል።

መጽሐፉን ከዝርዝሩ እንዳጣው በትሕትና ነገራት። በስሙ ፈልጎ ነበር፤ በአባቱ ስምም፣ በርዕሱም። «ምናልባት የተማረ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሌላ አፈላለግ ካለ ብዬ ነው የመጣሁት» አለ።

እመት ዝርዝር ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ ተነካች። «ወንድሜ፣ አልደረሰንም» አለች። «ቢደርሰን ይኖር ነበር።»

በእጇ እንደሰጣት ነገራት። ያን ቀን አንድ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ፎቶ ይነሳ ነበር፤ ያንንም ያስታውሳል። እሷም ባርኔጣ ያደረገ ገጣሚ በየሳምንቱ እንደሚመጣ፣ ፎቶ የማይነሳም እንደሌለ፣ ብዙ ሰው ደግሞ መጽሐፉን ለጥበቃው ሰጥቶ ወይም ቦርሳው ውስጥ ረስቶ «አስረክቤያለሁ» እንደሚል አስረዳችው። «ሰው ነን፣ እንረሳለን» አለችው፤ ለስለስ ብላ። ብትቆጣው ይሻለው ነበር። ቁጣን ሰው ይመልሳል፤ እንዲህ ያለውን ርኅራኄ ግን ተሸክሞ ነው የሚሄደው።

ሰውዬው ጥራዟን ከአንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። «ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም» አለ። «አባቴም የጀመረው በዚሁ ዕድሜው ነው። በስልሳ ዓመቱ የኛን ስም ለይቶ አያውቅም ነበር።» ስላስቸገራት ይቅርታ ጠይቆ ወጣ። እሷም ወደ ካርዶቿ ተመለሰች፤ ሕሊናዋ እንደ አዲስ ብርጭቆ ንጹሕ ነበር። ሦስት ቀን ቆየላት።

በሦስተኛው ቀን የሬዲዮው ሰውዬ ደወለ። ባለ ባርኔጣው የዓመቱን ሽልማት ወስዷል፤ ከመጽሐፉ አንድ ግጥም በአየር ላይ ሊያነብ ፈልጎ ኖሮ የቱ ገጽ ላይ ጥሩ ነገር እንዳለ ጠየቃት። እሱ ራሱ ገልጦ ቢፈልግ ምን ይሆን እንደነበር አትጠይቁ። እመት ዝርዝር መጽሐፉን ከመደርደሪያው አወረደች፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፣ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አንዱ የሦስት ሰው መቅድም፣ አሥራ ስድስቱ የገጣሚው ፎቶግራፍ። የውሰት ካርዱ ላይ አሥራ አንድ ፊርማ ነበር፤ ሦስቱ የሽልማት ዳኞቹ ናቸው። መካከሉን ስትገልጠው ቀጭን ነገር ሾልኮ ጠረጴዛዋ ላይ ወደቀ።

«የቤት ቁጥር»። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ማኅተሙ አለ፤ ሦስተኛው ወር፣ ማክሰኞ። ከሥሩ የራሷ ፊርማ።

ያኔ ሁሉም ነገር መጣላት። ባለ ባርኔጣው ከአራት አጃቢ ጋር የመጣ ዕለት ነበር፤ አንዱ መጽሐፉን ይሸከማል፣ አንዱ ፎቶ ያነሳል፣ ሁለቱ በነገሩ ሁሉ ይስማማሉ። እሷ የፎቶግራፍ ገጾቹ ቁጥር ስለሌላቸው በጣቷ እየቆጠረች ነበር። በመሀሉ ያ ቀጭን ሰው መጽሐፉን በሁለት እጁ ዘረጋላት። ማኅተም መታች፣ ፈረመች፣ «ተቀብያለሁ» አለች። ወዲያው «እርስዎም ይግቡ» ብለው ለፎቶ ጎተቷት፤ ቆጠራው እንዳይጠፋባት የያዘችውን ቀጭን መጽሐፍ በባለ ባርኔጣው መጽሐፍ ውስጥ ዕልባት አድርጋ ጣል አደረገችው። የሰው የሠላሳ ዓመት ሥራ፣ የሌላ ሰው ጺም ያለበትን ገጽ ምልክት ሆኖ አሥር ወር ከረመ።

እዚህ ላይ የሚያስቅ ነገር አለ፣ ልሸሽገውም አልችልም። በአሥር ወር ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ያንን መጽሐፍ ተውሶ ቤቱ ወስዷል። «የዘመናችን ድምፅ» ብለው ጽፈውበታል፣ ሸልመውታል፣ አጨብጭበውለታል። ከአሥራ አንዱ አንድ እንኳ መካከሉ ድረስ የደረሰ የለም። ቢደርስ ኖሮ ቀጭኑ መጽሐፍ እጁ ላይ ይወድቅለት ነበር።

እመት ዝርዝር ግን አልሳቀችም። ቀጭኑን መጽሐፍ ይዛ ወደ ክፍሉ ኃላፊ ገባች። ኃላፊው በልጅነቱ ወንበር ያገኘ፣ ወንበሩንም እንደ ጥርሱ የሚጠብቅ ሰው ነው። በትዕግሥት ሰማት። ከዚያ የት ተገኘ ተብሎ መጠየቁ እንደማይቀር፣ የት ተገኘ ከተባለ የዳኞቹ ነገር እንደሚነሳ፣ ስለዚህም አዲስ ቀን ተመትቶበት ለሚቀጥለው ዓመት ዝርዝር ቢተላለፍ ለሁሉም እንደሚበጅ ነገራት። «እትዬ፣ ሠላሳ ሁለት ገጽ ናት እኮ» አለ። «በሠላሳ ሁለት ገጽ ሽልማት አይፈርስም።»

ተስማማች። ለዳኞቹ አዝና እንዳይመስላችሁ። ዳኞቹ መደበቂያ ሆኑላት እንጂ እሷ የምታስበው አሥራ ስምንት ዓመቷን ነበር። መጽሐፉን መሳቢያዋ ውስጥ፣ ከማኅተም ቀለሙ ሣጥን ሥር አኖረችው። አዲሱን ቀን ለመምታት ግን እጇ እምቢ አላት፤ ዛሬ ነገ እያለች ሦስት ሳምንት ሞላ። በቀን አሥር ጊዜ መሳቢያውን ትከፍታለች፣ ሽፋኑን ታያለች፣ ትዘጋለች። ምሳ ዕቃዋን እንደያዘችው ትመልሳለች። «የት ይደርሳል፣ ያመለጠኝ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ነው» ትላለች፤ ደግሞ «አባቴም በዚሁ ዕድሜው» የሚለው ድምፅ ይመጣባታል። ያን ሁሉ ጊዜ መጽሐፉን ገልጣ አንድ ግጥም አላነበበችም። ይህንንም ታውቃለች።

በአራተኛው ሳምንት ሰውዬው ተመልሶ መጣ፤ አሁን ግን ከሚስቱ ጋር ነው፣ ሌላ የመጽሐፉን ቅጂ የያዘችውም ሚስቱ ናት። እሱ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀርቶ በሩ ላይ ቆመ። የምትናገረውም እሷ ሆነች። ባሏ ለመሥሪያ ቤቱ ማመልከቻ ጽፎ ከቆጣሪ ንባብ መውጣቱን ነገረቻት። «ያልሰጠሁትን መጽሐፍ ሰጠሁ ካልኩ ያላነበብኩትን ቆጣሪም አነበብኩ ልል እችላለሁ፣ በሰው ላይ የሌለ ውሃ ልጽፍ ነው» ብሎ። አሁን በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ላይ ተቀምጦ የሰው ወረቀት ይቀበላል። ያንንም ሥራ እየፈራ ነው የሚሠራው።

«ይኸው እኔ እያየሁ ሰጠ» አለች ሚስትየዋ፣ መጽሐፉን ጠረጴዛው ላይ እያኖረች። «በወረቀት ላይ ፈርሚልኝ፤ ቤት ስንገባ አልሰጠሁም እንዳይለኝ።»

እመት ዝርዝር ፈረመች። አዎን፣ ፈረመች። መሳቢያው ከጉልበቷ አንድ ስንዝር ነው ያለው፤ እሷ ግን ማኅተም መታች፣ የዕለቱን ቀን ጻፈች፣ ወረቀቱን አጥፋ ሰጠች። ባልና ሚስቱ አመስግነው ወጡ። ሰውዬው በሩ ላይ ዞር ብሎ «ለወደፊቱ አላስቸግርዎትም» አለ።

የጫማቸው ድምፅ ደረጃው ላይ እስኪርቅ ተቀመጠች። ከዚያ መሳቢያውን ከፍታ፣ በዚያ ቀዶ ጥገና በተደረገለት ጉልበቷ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወረደች። ጥበቃው እሳት የተነሳ መስሎት ብድግ አለ። በሩ ላይ ደረሰችባቸው።

«ሰጥተውኛል» አለች፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ። «በሦስተኛው ወር፣ በእጄ ሰጥተውኛል። እርስዎ አልረሱም። የጠፋው ከእኔ ነው።»

መጽሐፉን ገልጣ ማኅተሙን አሳየችው። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ፣ ጣቱን ከእያንዳንዱ ቁጥር ሥር እያደረገ አነበበው። ወሩን፣ ቀኑን፣ ፊርማውን። ከዚያ በጥበቃው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እና አልረሳሁም» አለ። ለማንም አልነበረም።

ሚስትየዋ ነገሩ የገባት ዘግይቶ ነው። «መቼ ነው ያገኘሽው?»

«ሦስት ሳምንት አለፈው።»

«አሁን ፎቅ ላይ ሳስፈርምሽ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

ሚስትየዋ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር። «እኔ የቤቱን ቁልፍ ወስጄበታለሁ» አለች። «ምድጃ እንዳይነካም ከልክዬዋለሁ። እንደ ሕፃን።» ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። እመት ዝርዝር የራሷን ጥፋት ይዛ ነበር የወረደችው፤ የሌላ ሰውም ጥፋት ከእሷው ጥፋት ተወልዶ ቆሞ አገኘችው።

ሰውዬው ግን የት እንደነበር ብቻ ጠየቀ። በባለ ባርኔጣው መጽሐፍ መካከል እንደነበር፣ አሥራ አንድ ሰው ተውሶት አንድም እንዳላየው ነገረችው። ይስቃል ብላ ጠብቃ ነበር።

«ምስኪን» አለ ሰውዬው፣ ለባለ ባርኔጣው አዝኖ። ቀና ብሎ አያት። «እርስዎስ አነበቡት?»

«አላነበብኩትም።»

አንገቱን ነቀነቀ።

የቀረው አጭር ነው። በዚያው ሳምንት በራሷ ስም እርማት ጽፋ ለጋዜጣው ላከች፤ መጻሕፍቱ ዘጠና አምስት እንደነበሩ፣ አንዱን ማን እንዳጠፋው፣ የት እንደተገኘ። ኃላፊው ዝርዝሩን ወስዶ ለሌላ ሰው ሰጠው፤ እሷን ወደ ጋዜጣ ጥረዛ ክፍል አዛወራት። ዳኞቹ በጋራ ባወጡት መግለጫ መጽሐፉን «በተመረጡ ገጾች ዘዴ» እንደመረመሩት አስታወቁ። ባለ ባርኔጣው በነገሩ ታዋቂነቱ ጨመረ። «የቤት ቁጥር»ን በተመለከተ፣ እመት ዝርዝር በአንድ እሑድ ሁለቴ አነበበችው። ድንቅ ነው እንድላችሁ አትጠብቁ። ሦስቱ ግጥሞች ጥሩ ናቸው፣ አንዱ በጣም ጥሩ ነው፣ የቀሩት እንደማንኛችንም ናቸው። በዚያ ዓመት ከዚህ የተሻለ ያለው መጽሐፍ ብዙ አልነበረም፤ ነበር የሚል ሰው ካለም አላነበባቸውም።

ሰውዬው ወደ ቆጣሪ ንባቡ ተመለሰ። እመት ዝርዝር በየወሩ መጀመሪያ ለሚስቱ ትደውላለች። ደህና ናችሁ ወይ ትላለች፤ ደህና ነን ትላታለች። ሚስትየዋ ቁልፉን መልሳለታለች፣ ምድጃውንም ይለኩሳል። ባለፈው ስትደውል ግን ሚስትየዋ፣ ከባሏ ጋር የሚዞረው የሥራ ባልደረባው የነገራትን ነገረቻት። አሁን ቆጣሪውን አንብቦ፣ ቁጥሩን ጽፎ፣ ከግቢው ወጥቶ ጥቂት ከሄደ በኋላ ተመልሶ በሩን ያንኳኳል፤ እንደገና ገብቶ ያነባል።

«ሁሉም ቤት?» አለች እመት ዝርዝር።

«ሁሉም ባይሆን» አለች ሚስትየዋ። «ብዙው።»