ጭረት የሌላት ሮንዴላ

ከቤቴ በር መቃን ላይ በክር የተንጠለጠለች አንዲት የብረት ቀለበት አለች። ሮንዴላ ይሏታል፤ ብሎን ሲታሰር በመሃል የምትገባዋ ናት። በጣቴ ሳሻት እስከ ዛሬ የተቃጠለ ዘይት ትሸታለች። ያ ሽታ ሲመጣ የመካነ ሰላሙ ግቢያችን ይመጣል፤ ወንድሜም እጁን እስከ ክርኑ አጥቁሮ ብረት ሲሳደብ ይታየኛል።

ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመቱ ነው። እኔ ያኔ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ፣ ያላገባሁ ልጅ ነበርኩ። አባታችን ከወግዲ ማር እያመጣ የሚነግድባት ሞተር ሳይክል ነበረችው። ከመንገድ ሠሪዎች ሲገዛትም አሮጌ ነበረች። እሱ አላህ ይዘንለትና ሲሞት፣ እሷም ሁለተኛ ማርሽ ላይ ነክሳ ቀረች። ታላቅ ወንድሜ "እኔ አበጃታለሁ" ብሎ ካምቢዮዋን ፈታ፤ ማርሾቹ ያሉበትን ሆድ ዕቃዋን ማለቴ ነው። ጥርሳጥርሱን ከዘንጎቹ ላይ እያወጣ ጆንያ ላይ ደረደረው። መመለሱ ግን አቃተው። ብዙም ሳይቆይ አንድ የብረታ ብረት ነጋዴ ሞተሯን እየዞረ ሲያያት ደረስኩ።

ደሜ ፈላ። "አያ፣ አባታችን ለሦስታችን ነው የተዋት። ብቻህን አትሸጣትም። ትከፈል!"

"ሞተር ሥጋ ናት እንዴ? በቢላዋ ልቁረጥልሽ?"

"ካምቢዮውን ቆራርጠኸው የለ? እሱን እንከፍላለን።"

ከወግዲ፣ ከባሏ ቤት የመጣችው ታላቅ እህቴ በሳቅ ፈረሰች፤ ግን ተስማማች። እናታችን ብረቱን እንደ ቅርጫ ሥጋ ሦስት መደብ ላይ አደለችው፤ ላንዱ ጣል፣ ለሌላው ጣል፣ ለሦስተኛው ጣል። ከዚያ ዕጣ ሰጠን። እህቴ ባቄላ፣ እኔ ቁልፍ፣ ወንድሜ እያጉረመረመ ስንጥር። የማን እንደሆነ የማያውቅ ጎረቤት ጠርተን በየመደቡ ላይ አስቀመጠልን። የመጀመሪያው መደብ ለእህቴ፣ ሁለተኛው ለኔ፣ ሦስተኛው ለወንድሜ ደረሰ።

ድርሻዬን ሰው እንዳይለውጥብኝ ሞረድ ይዤ፣ ከመደቡ ሥር ጀምሬ እየቆጠርኩ ጫርኩበት፤ በመጀመሪያው ብረት ላይ አንድ ጭረት፣ በሁለተኛው ሁለት፣ እንዲያ እያልኩ። የኔ ጭረት ቀጥ ያለ ነው። እህቴንም ሰያፍ እያደረገች እንድትጭር አስገደድኳት። ወንድሜ ግን "ሌባ ነኝ እንዴ? ወላሂ አልጭርም!" ብሎ ድርሻውን በጣሳ ይዞ ሄደ። ሰው እስከ ዛሬ ይስቅብኛል። ይሳቅ። ያን ቀን ባይከፈል ሞተሯ የነጋዴው ነበረች።

ከርሞ፣ ዓረፋ ሲቃረብ ወንድሜ ዓረብ አገር እሄዳለሁ አለ። ጓደኞቹ ባሕር ሊሻገሩ ተነሥተዋል። እናቴ ይህን ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳው መለሰች። አኳኋኗ አስፈራኝ።

"ሞተሯ ብትነሣስ?" አልኩት።

"ብትነሣማ ምን አስሄደኝ! የአባቴን ማር እነግዳለሁ።"

በጭነት መኪና ሾፌር ወደ ወግዲ ላክሁ። እህቴ ድርሻዋን እንደ ልጅ አዝላ መጣች። አንዱን ትልቅ ጥርስ የእንስራ ክዳን መጫኛ አድርጋው ኖሯል። ሁሉን በናፍጣ አጥበን ገጠምን። ወንድሜ ረግጦ አስነሣት፤ አንደኛ ገባ፣ ሁለተኛ ላይ ቋ! ብሎ ተፋው። ፈታን። እንደገና ገጠምን፤ አሁን ምንም ማርሽ አልገባም። ፈታን። ደግሞ ገጠምን፤ ጎማው ጭራሽ አልዞር አለ። ጥፍራችን ጠቆረ፣ የጣታችን ቆዳ ተላጠ፣ የምንበላው ሁሉ ናፍጣ ናፍጣ አለን። የሞተር ሳይክል አላውቅም ያለን ጎረቤታችን መካኒኩ በአጥር ላይ ብቅ ይላል፦ "ምነው፣ ቅርጫው ገና አልተበላም?"

ወንድሜ መፍቻውን ወረወረው። የግድግዳው ምርጊት ረገፈ። "በቃ! ነገ ከጓደኞቼ ጋር እነሣለሁ።"

እናቴ ከደጃፍ ሆና "ምን ያጣላችኋል? እኔ እንደሁ በተደረደረበት ተራ ነው ያደልኩላችሁ" አለች።

እጄ ላይ የነበረውን ጥርስ ገለበጥኩት። ሦስት ቀጥ ያሉ ጭረቶች። "እታለም፣ ሦስት ሰያፍ ያለበትን ፈልጊ!"

ወንድሜ ሲፈታ ያወጣበት ተራ እዚያው ብረቱ ላይ ነበር። መጀመሪያ የእህቴ፣ ቀጥሎ የኔ፣ ቀጥሎ ጭረት የሌለው የወንድሜ፤ ደግሞ የእህቴ፣ ደግሞ የኔ። መጨረሻ የወጣው መጀመሪያ እየገባ፣ የሱን ብቻ እየለካን ሄድን። ወንድሜ እጁን እየዘረጋ "ስጪኝ" ይል ነበር።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሞተሯን ወደ መንገድ አወጣት። አንደኛ። ሁለተኛ። ሦስተኛ ሲያስገባ ድምጿ ቀጠነ፤ አቧራው ወርቅ መስሎ ከኋላዋ ተነሣ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ "አልሐምዱሊላህ" ስትል ሰማኋት። ሲመለስ መሃል መንገድ ቆምኩ፦ "በዕጣው ተራ እንነዳለን! እታለም፣ ከዚያ እኔ፣ ከዚያ አንተ!" "ልትጨርሱኝ ነው" እያለ ከኋላ ይዞን ሮጠ። በማግስቱ ጓደኞቹ ያለሱ ሄዱ።

ማታ ጆንያውን ሳራግፍ ይህች ሮንዴላ ወደቀች። ሞተሯ ያለሷም ሄዳለች። ጭረት የላትም፤ የሱ ናት ማለት ነው።

"አያ፣ ድርሻህ ተረፈች።"

"አንቺ ጋ ትቀመጥ። ስፈልጋት እጠይቅሻለሁ።"

ማር እየነገደ፣ ልጆች እያሳደገ ሸመገለ፤ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። ባለፈው ክረምት በገዛ ቤቱ፣ በልጆቹ መሃል አረፈ።

ሰሞኑን ባጃጅ የምትነዳው ልጄ ለቁልፏ ማንጠልጠያ ሮንዴላዋን ስጪኝ አለችኝ።

"የኔ አይደለችማ! ሂጂና የአጎትሽን ልጆች ጠይቂ።"

ሄደች። እየሳቀች ተመለሰች። "እማ፣ በተራ ይሁን ብለዋል። አንድ ዓመት እነሱ ጋ፣ አንድ ዓመት እኛ ጋ።"

"መጀመሪያ ማን ጋ?"

"ዕጣ ይውጣ አሉ።"

ባቄላ ላምጣ ብዬ ጓዳ ገባሁ። ባቄላው ወዲያው እጄ ገባ፤ እኔ ግን ቶሎ አልወጣሁም።