የኖፓ ወፍጮና የጉሎ ዘይት

በቅርቡ የእህቴ ልጅ መቱ ላይ የመመረቂያ ጥናቷን ስታቀርብ ከኋላ ተቀምጬ ሰማኋት። ከአትክልት ዘይት በተሠራ ነዳጅ ላይ አልኮል ሲጨመር የናፍጣ ሞተር ምን እንደሚሆን ነበር ጥናቷ። እሷ ስለ ዘይት መወፈርና መቅጠን ስታስረዳ የእኔ ሐሳብ ኖፓ ደርሶ ነበር።

በደርግ ጊዜ ኖፓ የሳይንስ መምህርት ሆኜ ተመድቤ ነበር። ከተማዋ አንድ ወፍጮ ብቻ ነበራት፤ ባለቤቱ ከጉራጌ አገር በልጅነታቸው መጥተው እዚያው ያረጁት ጋሼ ሸምሱ ናቸው። አንድ ክረምት ናፍጣ ጠፋ። መንገዱም ጭቃ ሆኖ መኪና ቆመ፣ ወፍጮውም ዝም አለ። የበቆሎ ንፍሮ በላን፤ በማግስቱም ንፍሮ። ዱቄት የግድ የሆነባቸው ሴቶች እህል ተሸክመው ወፍጮ ወደሚሠራበት ወደ መቱ በእግር ይሄዱ ነበር። አከራዬ እትዬ ጫልቱ ከነሸክማቸው ወንዝ ውስጥ ወደቁ። ሰዎች ጎትተው አወጧቸው፤ እህሉን ውሃው ወሰደው፣ ክንዳቸውም ተሰበረ።

ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ። የአትክልት ዘይት የናፍጣ ሞተር እንደሚያስነሳ ተምሬ ነበር። ጉሎ ደግሞ በየጓሮው አለ፤ ቆዳ ለማልፋት ዘይቱን የሚያወጡ ሰዎችም ነበሩ። ችግሩ፣ የጉሎ ዘይት እንደ ማር ወፍራም ነው፤ ከተገኘች ጥቂት ናፍጣ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ብመታው ተመልሶ ተለያየ። የሚያስማማቸው አልኮል ነው። እትዬ ጫልቱ አረቄ አውጪ ስለነበሩ ከእሳቸው ወስጄ ብጨምርበት እንደ አሬራ ነጣ። ውሃ ነበረበት። በደህና እጃቸው እያዘዙኝ አረቄውን ደግመን አወጣነው፤ ከጎሬ ግንበኞች ባስመጣሁት ውሃ ያልነካው ኖራ የቀረውን ውሃ አስመጥጬ፣ እንደገና አወጣነው። ያን ጊዜ ድብልቁ ጠራ።

ጠርሙሱን ይዤ ጋሼ ሸምሱ ዘንድ ሄድኩ።

“መምህርት፣” አሉ፣ “እኔ አረቄ በእጄ ነክቼ አላውቅም።”

“እርስዎ አይነኩትም ጋሼ። የምቀላቅለው እኔ ነኝ።”

“ሞተሩስ ቢሞት?”

“ሊበላሽ ይችላል” አልኳቸው።

በማግስቱ ጋሼ ሸምሱ እትዬ ጫልቱን ሊጠይቁ መጡ። የታሰረውን ክንድ አዩና ወደ እኔ ዞሩ።

“ያ ነገር ይጠጣል?”

“ከጉሎና ከናፍጣ ጋር ከተቀላቀለ ማንም አይጠጣውም።”

“እንግዲያ ነዳጅ ነው” አሉና ተነሡ። “ነገ አምጪው።”

በተረፈቻቸው ጥቂት ናፍጣ ሞተሩን አስነሡና ድብልቁን አስከተልን። አንኳኳ፣ አስነጠሰ፣ ሊቆም ሲል ተመልሶ ያዘ። መንደሩ አረቄ አረቄ ሸተተ። ዱቄቱ መውረድ ሲጀምር እትዬ ጫልቱ እፍኝ ዘግነው አሸተቱና “ኤዬ፣ ኢንተላ ኮ” አሉኝ፤ አዎ ልጄ ማለታቸው ነው። ጋሼ ሸምሱ ግን ዓይናቸውን ከሞተሩ አልነቀሉም።

ያችኑ የተረፈች ናፍጣ በጉሎና በአረቄ እያበዛን ክረምቱን ገፋነው። መስከረም ላይ ናፍጣ ሲመጣ ሞተሩ ታሞ ነበር፤ ነዳጅ የሚረጨው ጫፍ ተደፍኗል፣ የነዳጅ መስመሩ ጎማዎችም አብጠው ያፈስሳሉ። ከጎሬ የመጣው መካኒክ ፈታትቶ አየና ተቆጣ።

“ይህን ሞተር አረቄ ያጠጣው ማነው?”

አፌን ስከፍት ጋሼ ሸምሱ ቀደሙኝ። “እኔ ነኝ” አሉ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው። መካኒኩ ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ሞተሩ ተጠገነ፣ ለዓመታትም ሠራ። ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ አላነሡብኝም።

ከዝግጅቱ በኋላ ምሳ ስንበላ ይህን ለእህቴ ልጅ ነገርኳት። ሹካዋን አስቀምጣ፣ አልኮሉ ከመቶ ስንት እጅ እንደነበር ጠየቀችኝ። ረስቼዋለሁ። እሷ ግን ለጥናቷ የሚበጀውን ነበር የጠየቀችው፤ አልፈረድኩባትም። እኔ የማስታውሰው ሌላ ነው። የቀላቀልኩት እኔ ነበርኩ፤ ብሳሳት የሚከስሩት ጋሼ ሸምሱ እንደሆኑ እያወቁ ነው “አምጪው” ያሉኝ። ያን ያህል ያመነኝ ሰው ከዚያ ወዲህ ብዙ አላጋጠመኝም።