አንዲት ሚስት ብቻ የሚያውቀው ፕሮግራሜ

ጭሮ ውስጥ የኮምፒውተር ሰው ሲጠፋ እኔ እጠራለሁ። ፕሪንተር በቁጣ ብቻ ያስነሳሁበት ቀን አለ። በዚህ ዝናዬ ነው አንድ ቢሮ የጤና መድን አባላትን መዝገብ እንድሠራለት የቀጠረኝ።

መዝገቡ ከቦኬ፣ ከበደሳና ከሌሎቹ ወረዳዎች የሚመጣው በኤክስኤምኤል ፋይል ነው። ነገሩ አያስፈራም። እያንዳንዱ መረጃ ምንነቱ በተጻፈበት ጆንያ ታስሮ ይመጣል፤ የአባወራው ጆንያ ውስጥ የዕድሜ ጆንያ፣ የሚስት ጆንያ፣ የልጅ ጆንያ። የፕሮግራሜ ሥራ እየፈታ የወጣውን ሁሉ በየወንበሩ ማስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ ተራ ጽሑፍ የነበረው አባወራ ቤተሰቡን ሲጠይቁት የሚመልስ ነገር ይሆናል፤ በሙያው ቋንቋ ኦብጀክት ይባላል። ለልጆች ረጅም አግዳሚ ሠራሁ፤ ሃያም ቢሆኑ ይቀመጣሉ። ለሚስት አንድ ወንበር። እኔ በቸርች የተዳርኩ ሰው ነኝ፤ ያለችኝ አንዷ ብቻዋን የአሥር ሰው ትእዛዝ ትሰጣለች። ሌላ ወንበር ከየት ይታየኝ?

አንድ ጠዋት አንድ ሽማግሌ ባለቤታቸውን እጃቸውን ይዘው ከቦኬ መጡ። የሴትዮዋን ሁለት ዓይኖች ሞራ ሸፍኗቸዋል። የዓይን ሐኪሞች ለጥቂት ቀን ጭሮ መጥተው ነበር፤ ምዝገባው የዚያኑ ዕለት ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። በሐኪሞቹ በር ላይ ግን "በመድን ዝርዝሩ የሉም" ተብለው ተመለሱና ወደ እኔ መጡ።

ፋይሉን ከፈትኩት። የሴትዮዋ ስም አለ። ከስማቸው በታች ሌላ የሚስት ጆንያም አለ። ፕሮግራሜ መጀመሪያ እሳቸውን አስቀምጦ፣ ቀጥሎ ሁለተኛዋን ሲያገኝ እሳቸውን አስነስቶ እሷን አስቀምጧታል። አንዲት ቃል ሳይተነፍስ።

"አባባ፣ ሁለት ሚስት አለዎት እንዴ?"

"አለኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ማሽንህን ቅር አለው?"

"ጥፋቱ የኔ ነው። ለአንድ ብቻ ነው ቦታ የሠራሁት፤ ሁለተኛዋ ስትመጣ ማሽኑ እሳቸውን አስነሳቸው።"

ሴትዮዋ ሳቁ። "ሰባት ልጅ ወልጄ ማንም አላስነሳኝም፤ ይኼ አስነሳኝ" አሉ በአፋን ኦሮሞ።

"አዮ፣ እናቴ፣ ቀላል መላ አለ። ለዛሬ ሁለተኛዋን ላውጣትና እርስዎን ላስገባ። ነገ እመልሳታለሁ።"

ሳቃቸው ቆመ። "እሷን እንዳትነካ። ወሯ ገብቷል። ዛሬ ምጥ ቢመጣባት እሷንም የለሽም ሊሏት ነው? እኔ ሳላይ ስንት ክረምት ከርሜያለሁ።"

መሬት ብትከፈት ከነወንበሬ እገባ ነበር። የሚስትን ወንበር እንደ ልጆቹ አግዳሚ ላደርገው ተነሳሁ። ሥራው ግን አንድ ቦታ ነክቶ የሚያልቅ አይደለም፤ ካርዱን የሚያትመው፣ ዝርዝሩን የሚያወጣው፣ ሁሉም አንዲት ሚስት ብቻ ነበር የሚያውቀው። ጣቶቼ ከመፍጠናቸው የተነሳ የኪቦርዱ ፊደል ተፋቀ።

"አለቀ?" ይላሉ ሽማግሌው በየደቂቃው።

"ትንሽ ቀረኝ፣ አባባ።"

"እኔኮ ልጄ፣ ሁለተኛዋን ያገባሁት ከዚህ ባጠረ ጊዜ ነው።"

ፋይሎቹን እንደገና አስነበብኩ። ከቦኬው ፋይል ብቻ ከወንበር የተነሱ ሴቶች እየተከታተሉ ብቅ አሉ፤ አንድ አዳራሽ የሚሞሉ መሰለኝ። ቀልዴ ከአፌ ጠፋ። እኔ ወንበር ስለነሳኋት ስንቷ ከስንት በር ተመልሳ ይሆን?

ዝርዝሩን አትሜ ወደ ሐኪሞቹ ለመድረስ ባጃጅ ውስጥ ሦስታችን ተጠቀጠቅን። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ሲል መዝጋቢዋ በጣቷ እየተከተለች ወረደች፤ ሁለቱንም ሚስቶች አገኘቻቸው። ትልቋን አስገባቻቸው።

በማግስቱ የቀዶ ሕክምናው ፋሻ ሲነሳ ደረስኩ። ሴትዮዋ ዓይናቸውን ደጋግመው ጨፈን ከፈት አደረጉና በድምፄ ለዩኝ።

"ትናንት ስትናገር ትልቅ ሰው መስለኸኝ ነበር" አሉ። "ይቺኑ ታህል ኖሯል?"

ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው ብዙ አዩአቸው።

"አንተም አርጅተሃል" አሏቸው።

ሽማግሌው ሽርጣቸውን አስተካክለው ቀጥ ብለው ቆሙ።