አራቱ የጀርመን ጥፋቶችና የላንቴዋ ጎሜ

ወሬው የደረሰኝ ሲቀላ ገበያ ሙዝ ስመርጥ ነው። ጎረቤቴ እያለከለከች መጣችና፣ «እትዬ፣ ደጅሽ ላይ ፖሊስ ቆሟል፤ አንቺን ነው የሚሉት» አለችኝ። ለታሰሩ ተማሪዎች ከማኅበራችን ምግብ አሰባስቤ ስለነበር እንደማይተዉኝ ጠርጥሬአለሁ። ሙዙን በዘንቢል ይዤ በሚኒባስ ሴቻ ወጣሁ። ንጹሕ ነጠላ ለበስሁ፣ የምድጃውን ሶኬት ነቀልሁ፣ ውዳሴ ማርያሜን ያዝሁ።

«ሙዙን ወዴት?» አለኝ ፖሊሱ።

«እዚህ ቢቀር ይበላሻል» አልሁት።

ያስገቡኝ የዘር መጋዘን የነበረ ክፍል ውስጥ ነው። ገና ከበሩ የበቆሎ ብናኝ አስነጠሰኝ። ከጥግ አንዲት ሴት፣ «ይማርሽ! ሙዙ የላንቴ ነው፤ ከሽታው አወቅሁት» አለች። ላንቴ ከሚባለው የሙዝ ቀበሌ የመጣች ነጋዴ ነበረች፤ መንገድ በተዘጋበት ሰሞን ሙዟን ልታሳልፍ ከወታደር ጋር ተሟግታ ነው የታሰረችው። ሌላዋ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና የምታስተምር ወጣት መምህርት ናት። ተማሪዎቼ ለምን ታሰሩ ብላ በስብሰባ ላይ በመጠየቋ ያዟት። ሠርጓ ለመጪው እሁድ ተቆርጦ ነበር።

ከሰዓት ቆርቆሮው ሲግል መምህርቷ ታስተምረን ነበር። ከትልቁ ጦርነት በኋላ አንድ ጀርመናዊ ፈላስፋ ለአገሩ ሰዎች ጥፋትን አራት ቦታ ከፈለላቸው፣ አለችን። ፍርድ ቤት የሚዳኘው ወንጀል አለ። መንግሥት በስምህ ለሠራው ሥራ እንደ ዜጋ የምትሸከመው አለ። እያየህ ዝም ያልህበት፣ ኅሊናህ ብቻ የሚጠይቅህ አለ። አራተኛው በእግዚአብሔር ፊት ያለው ነው። አገር በሙሉ ወንጀለኛ አይባልም፤ ግን ማንም እጁን ታጥቦ አይሄድም።

«አራት ለምን አስፈለገ?» አለች ላንቴዋ። «በእኛ አንድ ነው፤ ጎሜ ይባላል። ሰው ያጠፋል፣ ይደብቃል። ከዚያ ዝናብ ይቀራል፣ ከብት ይታመማል፣ ልጅም ይታመማል። ሽማግሌ ለምለም ሣር ይዞ ‹ጎሜ ያለበት ይናገር› ይላል። ይነገራል፤ ያልቃል።»

«አባት ባጠፋው ልጅ የሚታመመው ለምንድን ነው? ይኼ ፍትሕ ነው?» አለች መምህርቷ።

«የአንተ ጀርመኖች ልጅ የላቸውም? ልጆቻቸው አያፍሩም?» ስትቆጣ ሁላችንንም «አንተ» ትለናለች።

መምህርቷ ሳቀች። «ይኼን ፈተና ላይ አወጣዋለሁ።»

«ለማንኛውም አራተኛውን ለእኔ ተዉልኝ» አልኋቸው።

ሐሙስ ጠዋት የእስር ቤቱ ኃላፊ መጣ። ነገ ግቢው ውስጥ ቆሞ «ሁከት በማነሣሣት ጥፋተኛ ነኝ፤ ተጸጽቻለሁ» ያለ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ያላለ ይቆያል አለን።

«በይው እንጂ፣ መምህር» አለች ላንቴዋ። «አፍ ነው። ሙሽራው ይጠብቃል።»

«ያላደረግሁትን ጥፋቴ ነው ካልሁ፣ ያደረግሁት የት ይገባል?»

«ምን አደረግሽ?»

ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ለምሳ የበቆሎ ዱቄት ከሽፈራው ቅጠል ጋር የተቀቀለበት ኩርኩፋ መጣልን። ላንቴዋ ከሳህኑ ውስጥ ሳይቀነጠስ የቀረ ቅርንጫፍ አገኘችና ብድግ አለች። «ሣር የለም። ይኼም ለምለም ነው። ጎሜ ያለበት ይናገር!» ከራሷ ጀመረች፤ «ከላይ ደህናውን፣ ከታች የበሰበሰውን ሙዝ አድርጌ ሸጫለሁ። ለአንቺም ሳልሸጥልሽ አልቀርም።» የዘንቢሌ ታች በእርግጥም ጠቁሮ ነበር።

«የእኔን ለነፍስ አባቴ ነግሬአለሁ» አልሁ።

«አይ ብልጥ! ይቺ እኮ አመለጠች!»

መምህርቷ ግን ቅርንጫፉን እያየች፣ «ተማሪዎቼን ከክፍሉ ደጅ ሲወስዷቸው ልጆቹ በስሜ ጠሩኝ» አለች። «እኔ መስኮቱን ዘጋሁ። በስብሰባ የጠየቅሁት ከዚያ በኋላ ነው።»

ላንቴዋ ቅርንጫፉን እጇ ላይ አደረገችላት። «ነገ ይኼን ያዢ።»

አርብ ወንዶቹንም ሴቶቹንም ግቢው ውስጥ አስቀመጡን። የመምህርቷ ተራ ሲደርስ፣ «ጥፋተኛ ነኝ» አለች። ኃላፊው ፈገግ አለ።

«ሁከት አላነሣሣሁም። ጥፋቴ መስኮት መዝጋቴ ነው። ተማሪዎቼ፣ እዚህ ካላችሁ ይቅር በሉኝ።» ቅርንጫፉን ከፍ አድርጋ ተንበረከከች።

«ይኼን አይደለም በይ የተባልሽው!»

ይኼኔ ላንቴዋ ተነሣች። «እኔም ጥፋተኛ! የበሰበሰ ሙዝ ሸጫለሁ!»

«እኔም ገዝቻለሁ!» አለ አንድ ሰውዬ ከኋላ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሌላው የጎረቤቱን ድንበር መግፋቱን፣ ሌላው ከወንድሙ ጋር መኮራረፉን እየተነሣ ይናገር ጀመር።

ኃላፊው አንድ ሸምገል ያሉ የዶርዜ ተወላጅ ጥበቃን፣ «ዝም አሰኟቸው!» አላቸው። እሳቸው ቆባቸውን አውልቀው ቆመዋል።

«ጌታዬ፣ ለምለም ተይዞ፣ ጎሜ እየተነገረ አይታለፍም። ካለፉት ጎሜው እርስዎ ላይ ያርፋል።»

ኃላፊው ቅርንጫፉን አየ፤ የተንበረከከችውን መምህርት አየ። «በቃ! ሁሉም ተጸጽቷል ብላችሁ ጻፉ» ብሎ ሄደ። ቅዳሜ ፈቱን። እሁድ ሠርጉ ላይ ላንቴዋ ሙሉ ዘለላ ሙዝ አምጥታ፣ በሰው ሁሉ ፊት ገልብጣ ታቹን አሳየች። እልልታውን እኔ ጀመርሁት።

ዛሬ በረዶ በሚበዛበት ሩቅ አገር እኖራለሁ። ከቅዳሴ ስመለስ ያ አርብ ትዝ ሲለኝ መንገድ ላይ ብቻዬን እስቃለሁ። ጥፋት አንድ ነው ወይስ አራት የሚለውን እስካሁን አልወሰንሁም። የማውቀው፣ የሰው ሸክም ሊጭኑባት ሲመጡ መምህርቷ የራሷን ፈልጋ ማንሣቷን ነው።

በዚያ ግቢ ለነበራችሁ ሁሉ አንድ ልመና አለኝ። ተማሪዎቿ ከመካከላችን ነበሩ ወይስ አልነበሩም እስከ ዛሬ አታውቅም፤ የመለሰላት ቢኖርም በሳቁ አልተሰማም። አሁንም እዚያው ክፍል ታስተምራለች፤ ዝናብ ወረቀቷን ቢያርሰውም መስኮቱን አትዘጋም። ተማሪዎቿ እናንተ ከሆናችሁ፣ በዚያ ስታልፉ በመስኮቱ ብቅ በሉና ሰላም በሏት።