ለጉርሻ የተቆረጠ ቺዝበርገር

ከመካነ ሰላም የወጣሁ ለት እናቴ ራት አቅርባልኝ አጠገቤ ተቀመጠች እንጂ አልበላችም። ብይ እንጂ እምዬ ብላት፣ "ሳማስል ስቀምስ ጠገብኩ" አለችኝ። ይችን ቃል ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት ድርቁ ወሎን በመታ ጊዜ፣ ያለውን ሁሉ ለእኔና ለእህቴ ለአለሚቱ ታቀርብና እሷ እጇን አጣጥፋ ትቀመጥ ነበር። ስንጠይቃት መልሷ ያው ነው፣ ሳማስል ስቀምስ ጠገብኩ። ልጆች ነበርንና እናምናት ነበር። የዚያን ምሽት ግን ድስቱን ጎንበስ ብዬ አየሁት፤ የነበረው ሽሮ ለአንድ ሰው እንኳ በቅጡ የሚበቃ አልነበረም።

ይህን የምጽፈው አገር ቤት ላላችሁትም፣ እንደኔ በየበረዶው ለተበተናችሁትም ነው። ወሎ የተመጽዋች አገር ነው ሲባል ሰምታችሁ አንገታችሁን ለደፋችሁ ሁሉ በተለይ።

የኛ ቤት ከገበያው መውጫ ላይ ነበር። ከለጋምቦ፣ ከወረኢሉ፣ ከየትም ለገበያ የመጣ ሰው መሽቶበት ከሆነ የሚያድረው እኛ ዘንድ ነው። ክርስቲያንም ይሁን እስላም አይጠየቅም። አንድ ድስት ግን ከሌሎቹ ተለይቶ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። እሱ የእስላም እንግዶች ድስት ነው፤ ዶሮ ሲታረድም ጎረቤታችን ጋሽ ይማም ተጠርተው ያርዳሉ። እናቴ ያንን ድስት ለሌላ ነገር ነክታው አታውቅም። በድርቁ ዘመን ዕቃው ሁሉ ተሽጦ ሲያልቅ እንኳ እሱ ከተሰቀለበት አልወረደም።

ታዲያ ያን ምሽት ስትሸኘኝ የሰጠችኝ በሶና ሁለት አደራ ነው። ጾምህን እንዳትሽር፣ ደጅህ የመጣ ሰው ሳይበላ እንዳትሸኝ። ከዚያ ወዲያ ያለውን እግዜር ያውቃል አለች። አብዮቱ ወጣቱን በየቀበሌው እየለቀመ የሚወስድበት ወቅት ነበርና ለማልቀስ ጊዜ አልነበረንም።

አብሮኝ የወጣው ሰኢድ ነው፤ ደሴ አንድ ክፍል የተማርን የወረኢሉ ልጅ፣ አባቱ ቁርዓን የሚያስቀሩ፣ ልጆች የሚያስተምሩ ሸህ። ከባቲ ወርደን የአፋርን በረሃ ስናቋርጥ ያሻገረኝ እሱ ነው። ባረፍንበት ሁሉ ሰዎቹ ፍየል ያርዱልናል፤ እኔ የእስላም ሥጋ እንደማልበላ የሚያውቀው ሰኢድ ብቻ። እኔ ገና አፌን ሳልከፍት "ይሄ ልጅ ሆዱን ያመዋል፤ ወተት ነው የሚስማማው" ይላቸዋል። ሰዎቹም ይራሩልኝና ግመል ያልቡልኛል። በዚያ ሁሉ መንገድ ሆዱን የሚያመው ልጅ ተብዬ ጅቡቲ ገባሁ። የግመል ወተት በበዛ ጊዜ እውነትም ሆዴን ያመኝ ነበር።

ዲኪል የስደተኞች መጠለያ ስንት ክረምት ከረምን። በመጨረሻ አንድ የካናዳ ሹም መጥቶ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ። ሙያህ ምንድን ነው ሲለኝ ተማሪ ነኝ አልኩ። ተማሪነት ሙያ አይደለም አለ። ምግብ ማብሰል ትችላለህ ወይ ሲለኝ ተቆጣሁ።

"እኔ ወንድ ነኝ" አልኩት።

አስተርጓሚው ተረጎመለት። ሹሙ ቀና ብሎ አየኝና፣ "ካናዳ ውስጥ ወንዶችም ይበላሉ" አለ። ከዚያ ሙያዬን "ኩክ"፣ ምግብ አብሳይ ማለት ነው፣ ብሎ ጻፈብኝና አለፍኩ።

ዊኒፔግ የሚባለው ከተማ ዕጣዬ የጣለኝ እንዲህ ሆኖ ነው። የለጋምቦን ውርጭ ያየ ሰው ብርድ አይገርመውም ብዬ ነበር፤ በገባሁ በሳምንቱ አፌን ያዝኩ። የኛ ብርድ ፀሐይ ስትወጣ ያፍራል፤ የዚህኛው ፀሐይዋ ፊት ለፊት ቆማ እያየችው ይገርፋል። ሰኢድም አልቀረም፤ ከስድስት ወር በኋላ ተከተለኝ።

ኩክ የተባልኩት ሰውዬ የገባሁት በርገር ቤት ነው። መጀመሪያ የቀፈፈኝ አይቡ ነበር። የኛ አይብ ነጭ ነው፣ ይፈረፈራል፣ ከጎመን ጋር ነው ደስ የሚል። የነሱ ቢጫ ሆኖ በላስቲክ ተጠቅልሎ እንደ ሻማ ይታጠፋል። ግን እየዋለ እያደረ እጄ ፈታ። በተለይ እዚያ ትንንሽ ካሬ በርገሮች ይሠሩ ነበር፤ ሥጋው በሽንኩርት እንፋሎት የሚበስል፣ በሁለት ጉርሻ የሚያልቅ። ከትልቆቹ ይልቅ እነሱን ወደድኩ። እኛ ምግብን የምንመዝነው በጉርሻ ስለሆነ ይሆናል።

የተከራየሁት ሚስስ ኦልጋ ከሚባሉ የዩክሬን ባልቴት ቤት ምድር ቤቱን ነው። ሕጋቸው ብዙ ነው። በር አታጋጭ፣ ጫማህን እውጭ አራግፍ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሽንኩርት አትጥበስ። ወጥ ያለ ሽንኩርት ምን ሊሆን ነው ብላቸው፣ እኔ እንጃ፣ መጋረጃዬ ግን ሽንኩርት አይሸትም አሉኝ።

እንዲህ ስንኖር ነው ሁለተኛው ድርቅ፣ የሰባ ሰባቱ፣ የመጣው። ቴሌቪዥኑ የኛን ሰው አሳየ። የማውቀውን ጋቢ፣ የማውቀውን አቀማመጥ አየሁ፤ ፊቶቹን ግን እናቴን እንዳላገኝ ፈርቼ አተኩሬ አላየሁም። ከአለሚቱ ደብዳቤ ከመጣ ቆይቷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዊኒፔግ ውስጥ ስሜ ጠፋ። ረሃብተኛው ሆንኩ። በርገር ቤት ያሉት ባልደረቦቼ የተረፈ ድንች እየጠቀለሉ ኪሴ ይከታሉ። ጎረቤቶቹ በሬ ላይ የቆርቆሮ ባቄላ ደርድረው ይሄዳሉ። ሚስስ ኦልጋ እንኳ፣ ያ ሁሉ ሕጋቸው እያለ፣ ደረጃው ላይ የተቀቀለ ድንች በሰሃን ያስቀምጡልኝ ጀመር። ክፋት አልነበራቸውም፤ ደግነታቸውን ዛሬም አልረሳውም። ግን ያን የተሰቀለ ድስት እያየ ያደገ ሰው፣ በሩን በከፈተ ቁጥር ምጽዋት ሲያገኝ ምን ይሰማዋል? አፈርኩ፣ ተናደድኩ፣ እንቅልፍ አጣሁ። መጨረሻ ላይ ለሰኢድ እንዲህ አልኩት፣ ሁሉንም እጠራለሁ። ባቄላ ያመጣውን ሁሉ ቤቴ አስቀምጬ አበላለሁ። የወሎ ሰው እንግዳ ሲቀበል ምን እንደሚመስል ይዩ።

"ምን ልታበላቸው?" አለኝ።

"ትንንሽ ቺዝበርገር። ለነሱ የለመዱት፣ ለኔ የማውቀው።"

"የኛንስ?"

"የናንተን አንተ ታርዳለህ።"

ሰኢድም፣ "ወላሂ፣ እናትህ ወለዱህ" አለኝ።

ሚስስ ኦልጋን ማሳመን ግን ከካናዳው ሹም የባሰ ሆነ። ሠላሳ ሰው ልጠራ ነው፣ ሳሎንዎን ይስጡኝ አልኳቸው። ሳሎኑን ፈቀዱ። ምድጃውን ፈቀዱ። ሽንኩርት ላይ ስንደርስ ተቀመጡ።

"ስንት ሽንኩርት?"

"አንድ ጆንያ።"

"አንድ ራስ።"

"እማማ፣ አልጠብሰውም። ከሥጋው ሥር አነጥፈዋለሁ፤ በእንፋሎት ነው የሚበስለው።"

ግማሽ ጆንያ ላይ ታረቅን። መጋረጃዎቹን አውርደው መኝታ ቤታቸው ቆለፉባቸው።

የግብዣው ለት ጠዋት ሰኢድ ከከተማ ውጭ ካለ ገበሬ ጥጃ ገዝቶ፣ በእጁ ባርኮ አርዶ፣ ፈጭቶ መጣ። የክርስቲያኖቹንና የፈረንጆቹን ከሥጋ ቤት አምጥቻለሁ። ሰኢድ እጁን እየታጠበ እንደ ዋዛ፣ "ቆይ፣ የነቢያት ጾም አልገባባችሁም እንዴ?" አለ።

ቀጥ አልኩ። ፈረንጅ አገር ስንኖር የነሱን ወር እንጂ የኛን መቁጠር ትተናል። ከነሱ ኅዳር መጨረሻ ላይ ነበርን፤ የኛም ኅዳር ተጋምሷል። ጾሙ ገብቷል። እኔ ሠላሳ ሰው ሥጋና አይብ ልጋብዝ የተነሣሁት በጾም ነው። ይህን የነገረኝ ደግሞ ሙስሊሙ። እኛ አገር ሁሌም እንዲህ ነው፤ የናንተ ጾም መቼ እንደሚገባ ከናንተ ቀድሞ የሚያውቀው ጎረቤታችሁ ነው።

"አብሽር" አለኝ ሰኢድ፣ "አንተ ባትበላ ማን ያያል?"

ሥራ ጀመርን። ሽንኩርቱን አድቅቄ ትልቁ መጋገሪያ ትሪ ላይ አነጠፍኩት። ሥጋውን በጨውና በቁንዶ በርበሬ አሽቼ በላዩ እንደ ቂጣ ዳጥኩት፤ እንፋሎቱ እንዲወጣ በጣቴ በሳሳሁት። ከምድጃ ሲወጣ ቅባቱን አፍስሼ፣ አይቡን በሙሉ ደረደርኩበት። ዳቦዎቹ እርስ በርስ እንደተያያዙ የሚሸጡ ትንንሽ ናቸው፤ ሳልለያያቸው ወገባቸውን በቢላ ሰንጥቄ ታችና ላያቸውን አለበስኩት። ሸፍኜ ጥቂት ሳቆየው ዳቦው በእንፋሎት ለሰለሰ። ከዚያ በካሬ በካሬ ቆረጥኩት፣ እያንዳንዱ ለጉርሻ በሚሆን ልክ። የሰኢድ በሌላ ትሪ፣ በሌላ ቢላ። ለምልክት አረንጓዴ ስንጥር ሰካሁባቸው።

ሰው መጣ። ያገሬ ልጆችም፣ የበርገር ቤቱ ባልደረቦቼም፣ ባቄላ ያመጡት ጎረቤቶችም፤ ሳሎኑ ሞላ። እጅ አስታጠብኩ፤ ፈረንጆቹ ግራ እየገባቸው ታጠቡ። የኔ አለቃ፣ ሁለት ትሪ ለምን አስፈለገ፣ አንዱ ከሌላው ይሻላል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አይሻልም አልኩት። ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ልዩነቱ ያራጁ ነው፤ በኛ አገር ሰው ሲጠራ አንድም ሰው ሳይበላ እንዳይሄድ ሁለት ይታረዳል። ይህን ስናገር አንገቴ ቀና ብሎ ነበር፤ ለምን እዋሻለሁ፣ ኮራሁ። ከዚያ እየዞርኩ አጎረስኳቸው። ሳቁ፣ አፈሩ፣ አፋቸውን ከፈቱ። ያቺ ትንሽ ካሬ ለጉርሻ ልኳ ነበረች።

ሚስስ ኦልጋ ዘንድ ስደርስ አንዱን ጎርሰዋል፣ ሁለተኛውን በእጃቸው ይዘው ያዩኛል።

"አንተስ መቼ ነው የምትበላ?"

ምን ልበላቸው? ሰው በረሃብ ያልቃል በተባለበት ሰሞን፣ የዚያው አገር ሰው ጾም ነኝ ቢል ማን ያምነዋል? አፌ ላይ የመጣልኝን አልኩ።

"ሳበስል ስቀምስ ጠገብኩ።"

ሚስስ ኦልጋ የያዙትን ሰሃናቸው ላይ መለሱት። ፊታቸው ተለዋወጠ።

"በልጅነቴ እኛም አገር ረሃብ ነበር" አሉ፣ "እናቴ እንዲህ ትለን ነበር።"

አጠገባቸው ያሉት ሰሙ። አንድ ባንድ ማኘክ አቆሙ። ያለኝን ሁሉ ሰጥቼ እኔ ጦሜን የማድር መሰላቸው። ከተማው ሙሉ ሲያዝንልኝ ያልደረሰብኝ ውርደት በገዛ ግብዣዬ ላይ ደረሰብኝ። ያ ሁሉ ሽንኩርት፣ ያ ሁሉ ድካም፣ መልሶ ረሃብተኛው አደረገኝ።

ሰኢድን አየሁት። "እውነቱን ንገራቸው እንጂ" አለኝ በአማርኛ፣ "ምን ያሳፍራል?"

ነገርኳቸው። ምግብ ሞልቷል፣ ጾም ስለሆነ ነው አልኩ። እኛ ስናጣም ስናገኝም እንጾማለን። የጾመ ሰው ምግብ ያጣ ሰው አይደለም፣ ደጁ የመጣ እንግዳ ግን የጾም ቀንም ቢሆን ይበላል። ሚስስ ኦልጋ አንገታቸውን ነቀነቁ። የእናታቸው ጾም እንደሆነ፣ ከገና በፊት እነሱም ይጾሙ እንደነበር፣ እሳቸው ከተዉት ግን ዘመን እንዳለፈ ነገሩን።

"እንግዲያው የምትበላውን ሠርተህ ከኛ ጋር ተቀመጥ" አሉኝ፣ "ያለዚያ አንበላም።"

ተነሣሁ። ከተረፈው ዳቦ ሰንጥቄ ጥሬ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ የኮመጠጠ ኪያር፣ ሰናፍጭ ደረብኩበት፤ ሰኢድ ከኪሱ ሚጥሚጣ አውጥቶ ነሰነሰበት። መሀላቸው ተቀምጬ በላሁ። ሚስስ ኦልጋ አንድ ከኔው እንድሠራላቸው ጠየቁኝ። በእጄ አጎረስኳቸው፤ ሚጥሚጣው እንባቸውን አወረደውና ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ትሪዎቹ ባዶ እስኪሆኑ ተበላ። በሩ ላይ ባቄላ ያስቀመጠ ሰው ከዚያ ወዲያ የለም፤ የሚያንኳኳ ግን በዛ። ሥራውን አሳየን እያሉ።

ሳምንት ሳይሞላ የአለሚቱ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ እናቴን ደሴ ስልክ ቤት እንደምታመጣት የቀጠረችበት። በቀጠሮው ቀን ደወልኩ። መስመሩ ይንሿሿል። እናቴ ናት ያነሣችው። ገና ከጭነት መኪና ወርዳ በቀጥታ ስልክ ቤት መግባቷን ነገረችኝ፤ ከመካነ ሰላም በሌሊት ተነሥታ ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ነበረች።

"እምዬ፣ ሰው ጠርቼ አበላሁ።"

"ለእስላሞቹስ?"

"ሰኢድ ራሱ አረደ። ትሪው ለብቻ፣ ቢላውም ለብቻ።"

"ጾሙንስ?"

"የጾም ሠርቼ በላሁ።"

ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው መሰለኝ፤ ተራ ለሚጠብቀው ሰው ጮክ ብላ ስትናገር ሰማኋት። "ልጄ ፈረንጅ አበላ፣ ለእስላሙም ለብቻው አርዶ።" አንዲት ሴት እልል አለች። ሌላ ሰው አልሐምዱሊላህ አለ። እዚህ ምድር ቤት ውስጥ ቆሜ ከቁመቴ በላይ የረዘምኩ መሰለኝ።

"አንቺስ፣ እምዬ?" አልኳት። "ዛሬ ምን በላሽ?"



"እኔማ ሳማስል ስቀምስ ጠገብኩ" አለች፤ መስመሩም ተቋረጠ።